ከኔጋቲቭ ወደ ቁጥር፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በምዕራብ ጎጃም

የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር ቀድሞ የሚጠራው ቤተ መንግሥት ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እንደ ቀጠሉበት ይታወቃል። የገበሬው መልክ ግን በዚያ በር አልገባም። የገባው በገበያ ቀን፣ በአውራ ጎዳና ዳር በተከፈተች ጠባብ ፎቶ ቤት በኩል ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ያች ፎቶ ቤትና ፊልም ለዲጂታል ካሜራ ቦታ በለቀቀ ጊዜ የደረሰባት ለውጥ ነው።

ምዕራብ ጎጃም ለካሜራ እንግዳ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ሲመለሱ የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘመቻውን በፊልም ይዘውታል። ጣሊያን የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቀ፤ ወጀትም ፍኖተ ሰላም የተባለችው በዚያው ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በደምበጫ ምሽግ ከሳንፎርድና ከዊንጌት ጋር የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ዛሬ ለንደን፣ በኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ተመዝግቦ ይገኛል። ባላገሩ በፎቶ ቤት የተነሣው ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

የፎቶ ቤቱ ዕቃ ጥቂት ነው፦ በርጩማ፣ ሥዕል ያለበት መጋረጃ፣ በስተጀርባም ቀይ አምፖል የሚበራበት ጨለማ ክፍል። (የቴአትር ሰው ነኝና ያ መጋረጃ ዘወትር ይማርከኛል፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው በባሕር ፊት ይቆማል።) ፊልሙ ላይ ያለው የብር ጨው ብርሃን ሲነካው ይለወጣል፤ በማጠቢያው መድኃኒት ይጠቁራል፤ በሃይፖ ይጸናል፤ በመጨረሻም ብዙ ውኃ ይፈልጋል። በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ውኃ በእንስራ በሚቀዳበት ቤት ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም።

ባለሙያውን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈትነው ግን ጋቢ ነው። ጠይም ፊት፣ ነጭ ጋቢ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ። ለፊቱ ብሎ ብርሃን ቢያበዛ ጋቢው እጥፋቱ ይጠፋል፤ ለጋቢው ብሎ ቢያሳንስ ፊቱ ይጨልማል። ፊልም ግን ታጋሽ ነው፤ ብርሃን ቢበዛበትም የጋቢውን እጥፋት በኔጋቲቩ ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ አንሺውም በጨለማው ክፍል በእጁ እየጋረደ ያወጣዋል። ስለዚህ የፊልም ሰው ለጥላው ይጠነቀቅ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ባሕርዩ ተቃራኒ ነው፤ ነጩ ከወሰኑ ካለፈ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ጥላው ግን ኋላ ሊገለጥ ይችላል። ከፊልም የተሻገረው ባለሙያ ዓይኑን ከፊት ወደ ጋቢ ማዞር፣ የዘመናት ልማዱንም መገልበጥ ነበረበት። መሣሪያ ተለወጠ ሲባል እንዲህ ያለው የእጅና የዓይን ድካም አብሮ አይነገርም።

በአንጻሩ ያገኘውም አለ። የቡሬን በርበሬ በደጅ ተሰጥቶ ላየ ሰው ቀዩና አረንጓዴው ግልጽ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀዩን ለማንጣት ሌንሱ ፊት አስቀድሞ ቀይ መስተዋት መግጠም ያሻ ነበር። ዲጂታሉ ቀለሙን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ውሳኔው ከተነሣ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ለነገሩ ጥቁርና ነጭን ከፎቶ ቤት ያስወጣው ዲጂታል አይደለም፤ ቀድሞት የመጣው ባለ ቀለም ፊልም ነው። እንዲያውም በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሳሰን በኮዳክ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የሚያነሣው በጥቁርና ነጭ ነበር፤ 10,000 ነጥብ ያለውን አንድ ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሰኮንድ ይወስድበት ነበር። ያው ኮዳክ በ2012 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ትልቁ ጉዳት ከውበት ይልቅ በንብረት ላይ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደርጓል። ካሜራ ፊት ቆማ ለማታውቅ ገበሬ ሴት ያ ጉርድ ፎቶግራፍ የመሬቷ ምስክር ሆነ። ዘመኑም ፊልምና ዲጂታል የተላለፉበት ነበር። ፎቶግራፉ ቢበላሽ፣ በፊልም የሠራው አንሺ ኔጋቲቩን ከካርቶን ፈልጎ ሌላ ያትማል፤ በዲጂታል የሠራው ግን ለሚቀጥለው ደንበኛ ሲል ካርዱን አጥፍቶት ይሆናል።

እነዚያ ካርቶኖች እርጥበትና አይጥ ሳይጨርሳቸው ሊገለበጡ ይችላሉ። ኔጋቲቩን ከሥሩ ብርሃን በበራለት ነጭ መስተዋት ላይ ዘርግቶ፣ በዚያው ፊልሙን በተካው ዲጂታል ካሜራ ማንሣት፣ ከዚያም ጥቁሩን ወደ ነጭ፣ ነጩን ወደ ጥቁር መመለስ ነው። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራው ይችላል። ሥራው ግን አንሺው ባለበት ቢሆን ይመረጣል፤ የደንበኞቹ ስም ኔጋቲቩ ላይ አልተጻፈም፤ የሚያስታውሰው እሱ ነው፤ እሱም አርጅቷል።