ጉሽ፣ ሔልካ እና ታት ሔልካ፦ የቤትን ቁጥር ከካርታ ላይ ማግኘት

በአገር ቤት የመሬት ወሰን የሚነገረው በአዋሳኝ ነበር። «በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን መንገዱ፣ በደቡብ ዋርካው» ይባላል፤ ክርክር ሲነሣ የአካባቢው ሽማግሌ ይጠየቃል። በእስራኤል ግን መሬት የሚጠራው በቁጥር ነው። ከዒሪያ፣ ከባንክ ወይም ከጠበቃ የሚመጣ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የመንገድ ስም ትቶ «ጉሽ» እና «ሔልካ» የሚሉ ቁጥሮችን ብቻ ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ የራሱ ቤት መሆኑን ያላወቀ ሰው ደብዳቤውን ወደ ጎን ሲያደርገው የመቃወሚያው ቀን ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑና በካርታ ላይ እንዴት እንደሚገኙ ማወቅ ለባለቤቱ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሦስቱ ቁጥሮች

ጉሽ ማለት ሰፋ ያለ የመሬት ክፍል ነው። አገሪቱ በቀያሾች ተለክታ በጉሾች ተከፋፍላለች፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። ሔልካ በአንድ ጉሽ ውስጥ ያለ ቁራሽ መሬት ነው። የሔልካ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሔልካ 56 በብዙ ጉሾች ውስጥ ይገኛልና። ሁለቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ አብረው መነበብ አለባቸው።

ታት ሔልካ ደግሞ በጋራ ሕንፃ፣ ማለትም በባይት መሹታፍ ውስጥ ያለውን አንድ አፓርታማ የሚያመለክት ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታት ሔልካ በበሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ላይመሳሰል ይችላል። በር 7 የሚኖር ሰው በመዝገቡ ታት ሔልካ 4 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውል ሲፈረም፣ በተለይ የፒኑዪ ቢኑዪ ውል ሲመጣ፣ የበሩን ቁጥር ሳይሆን ታት ሔልካውን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

አሠራሩ ከየት መጣ?

«ታቡ» የሚለው ቃል የመጣው ከቱርክ ቋንቋ ነው። በኦቶማን ዘመን የመሬት ባለቤትነት «ኩሻን» በሚባል ወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ መሬቱ የሚገለጸው በአገር ቤት እንደነበረው ሁሉ በአራቱ አዋሳኞች ነው። ጎረቤት ሲሞት ወይም መንገድ ሲዛወር ግን ወሰኑን ማረጋገጥ ያስቸግራል። የእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ሕግ መሬቱ እየተለካ በጉሽና በሔልካ እንዲመዘገብ አደረገ። የእስራኤል መንግሥትም ይህንኑ ሥራ ቀጠለ። ዛሬ የቤት ወሰን የሚታወቀው በተለካ ካርታ ነው፤ የጎረቤት ስም አያስፈልገውም።

ቁጥሮቹ የት ይገኛሉ?

መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ የተገዛበት ውልና የማሽካንታ ወረቀት ነው። ከሁሉም በላይ የሚታመነው ግን ኔሳኽ ታቡ ነው። ይህ ከመዝገቡ የሚወጣ ወረቀት ሲሆን፣ ክፍያ ተከፍሎበት ከፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ማውጣት ይቻላል። በላዩ ላይ ጉሹ፣ ሔልካው፣ ታት ሔልካው፣ ስፋቱ፣ የባለቤቱ ስም፣ የባንክ ማሽካንታ ካለ እርሱም ይጻፋል።

ሁሉም ቤት በታቡ የተመዘገበ አይደለም። በእስራኤል ከመቶ 93 የሚሆነው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ተቋማት ሲሆን የሚያስተዳድረው የእስራኤል የመሬት ባለሥልጣን፣ በአጭሩ «ራሚ» ነው። ስለዚህ የአንዳንዱ አፓርታማ መብት የሚገኘው በራሚ መዝገብ ወይም ሕንፃውን በሠራው ኽብራ መሻኬኔት ዘንድ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ወረቀት «ኢሹር ዝኹዮት» ይባላል። በእርሱም ላይ የጉሽና የሔልካ ቁጥር ይገኛል።

ከቁጥሩ ወደ ካርታው

የእስራኤል የካርታ ማዕከል፣ ማለትም ማፒ፣ «ጎቭማፕ» የሚባል ነፃ የካርታ ድረ ገጽ አለው። በመፈለጊያው ቦታ ላይ በዕብራይስጥ «ጉሽ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር፣ ቀጥሎም «ሔልካ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ይጻፋል። ካርታው ራሱ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ የሔልካውን ወሰንም ያሳያል። ስልክ የለመደ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገብ ቢኖር ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ተገላቢጦሹም ይቻላል። የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር ተጽፎ ቦታው ሲገኝ፣ ካርታው በየትኛው ጉሽና ሔልካ ላይ እንዳለ ማየት ይቻላል። ካርታው ግን እስከ ሕንፃው ድረስ ነው የሚያደርሰው። ታት ሔልካ በሕንፃው ውስጥ ስለሆነ በካርታ ላይ ብቻ አይለይም፤ ለእርሱ ኔሳኽ ታቡውን ማየት ግድ ነው።

የቦታ መለኪያ ቁጥሮች

እያንዳንዱ ቦታ በካርታ ላይ ሁለት የመለኪያ ቁጥሮች አሉት፤ በዕብራይስጥ ኮኦርዲናታ ይባላሉ። ሦስት ዓይነት አሠራር ስላለ እንዳይምታቱ መለየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ከ1998 ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ የእስራኤል መረብ ነው። የሚቆጠረው በሜትር ነው። አንደኛው ቁጥር ወደ ምሥራቅ፣ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት ይናገራል። ለምሳሌ በኢየሩሳሌም የምዕራቡ ግንብ በምሥራቅ 222,300፣ በሰሜን 631,500 አካባቢ ነው። በዚህ መረብ የሰሜኑ ቁጥር ሁልጊዜ ከምሥራቁ ይበልጣል፤ በዚህም ይታወቃል።

ሁለተኛው በእንግሊዝ ዘመን የተሠራው አሮጌው መረብ ነው። በቀደሙ ፕላኖችና ወረቀቶች ላይ ይገኛል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ለመሻገር በግምት በምሥራቁ ቁጥር ላይ 50,000፣ በሰሜኑ ላይ 500,000 ይደመራል። ስለዚህ ያው የምዕራቡ ግንብ በአሮጌ ወረቀት ላይ 172,300 እና 131,500 አካባቢ ሆኖ ይታያል። ይህ ስሌት ሰፈሩን ለማግኘት ይበቃል፤ አጥር ለማጠር ግን አይበቃም።

ሦስተኛው በስልክ የሚሠራበት የዓለም መለኪያ ነው። በእስራኤል ውስጥ የሰሜኑ ቁጥር ከ29 እስከ 33፣ የምሥራቁ ደግሞ በ34 ወይም በ35 ይጀምራል። የሰሜኑ ቁጥር ይቀድማል። የሜትር ቁጥሮችን እንዳሉ ወደ ስልክ ማስገባት ወደተሳሳተ ቦታ ይወስዳል፤ መጀመሪያ በካርታው ላይ ወደ ዓለም መለኪያ መለወጥ አለባቸው።

ደብዳቤ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት፣ በአንድ ሰፈር አዲስ ፕላን ሲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል። በማስታወቂያው ላይ ፕላኑ የሚነካቸው ጉሾችና ሔልካዎች ይዘረዘራሉ። በፕላኑ ጽሑፍ፣ ማለትም በታካኖኑ፣ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የቦታው መለኪያ ቁጥሮችም ይገኛሉ።

ዝርዝሩ ሲነበብ ሁለት ዓምዶችን መለየት ያስፈልጋል። በአንደኛው ዓምድ ሙሉ በሙሉ በፕላኑ ውስጥ የገቡ ሔልካዎች ይጻፋሉ፤ በሌላው ደግሞ ከፊላቸው ብቻ የገባ። የባለቤቱ ቁጥር በሁለተኛው ዓምድ ካለ፣ ፕላኑ የሚነካው ግቢውን ይሁን መንገዱን ወይም ሕንፃውን ከፕላኑ ካርታ ላይ ማየት አለበት።

መቃወሚያ፣ ማለትም ሂትናግዱት፣ የሚቀርብበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው። መቃወሚያው በጽሑፍ ምክንያቱ ተዘርዝሮ ይቀርባል፤ እውነትነቱን የሚያረጋግጥ የመሐላ ቃል፣ «ታጽሂር» የሚባለውም አብሮ ይያያዛል። በቃል ብቻ መናገር አይበቃም። ይህን ለማዘጋጀት ቀን ስለሚወስድ ቁጥሩን በመጀመሪያው ሳምንት ማጣራት ይሻላል።

ካርታው የማይተካው ነገር

በኮምፒውተር የሚታየው ካርታ ቦታውን ያሳያል እንጂ ባለቤቱን አያረጋግጥም። የባለቤትነት ማስረጃው መዝገቡ ነው። ከጎረቤት ጋር በአጥር ወይም በግቢ ክርክር ቢነሣም ወሰኑን በመሬት ላይ መለካት ያለበት ፈቃድ ያለው ቀያሽ፣ ማለትም ሞዴድ ሙስማኽ ነው።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ ማለትም ፓርሰላጽያ ሲደረግ፣ የሔልካው ቁጥር ይለወጣል። ከብዙ ዓመት በፊት የተፈረመ ውል ላይ ያለው ቁጥር በካርታው ላይ ካልተገኘ ቤቱ ከመዝገብ ጠፋ ማለት አይደለም። የቀድሞውን መዝገብ የሚያሳየውን ታሪካዊ ኔሳኽ በማውጣት አዲሱን ቁጥር መከተል ይቻላል።

ጉሹን፣ ሔልካውንና ታት ሔልካውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከቤቱ ሰነድ ጋር ማስቀመጥ፣ ለልጆችም ማሳየት ጥሩ ነው። ደብዳቤ በመጣ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ብቻ ይቀራል።