የሐሰት ማስጠንቀቂያ ታሪክ፦ ከዲስኬት እስከ እጅ ስልክ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በስማርት ስልክ መስታወት ላይ ድንገት ብቅ እያለ «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚለውን መስኮት በትክክል ለመረዳትም የመጣበትን መንገድ መመርመር ያስፈልጋል። መስኮቱ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም አለው፤ የስልኩን ዓይነት በስሙ ይጠራል፤ ደቂቃና ሴኮንድ እየቆጠረ ያስቸኩላል፤ አንዳንድ ጊዜም ስልኩን ያንቀጠቅጣል። ባለቤቱ መደንገጡ አያስደንቅም። የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የሥራ ደብዳቤውና ከባሕር ማዶ ዘመዱ ጋር የሚያደርገው ጭውውት ሁሉ በዚያች አንዲት ዕቃ ውስጥ ተጠቃሏል። የዚህ መስኮት ታሪክ ግን ከቫይረስ ታሪክ ይልቅ ለፍርሃት ንግድ ታሪክ ይቀርባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች

በ1971 ቦብ ቶማስ የተባለ የአሜሪካ መሐንዲስ «ክሪፐር» የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ አርፓኔት በተባለው መረብ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እየተዛወረ «ከቻላችሁ ያዙኝ» የሚል መንፈስ ያለው ቃል ያሳይ ነበር። የሙከራ ሥራ ስለ ነበረ ጉዳት አላደረሰም። በ1983 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፍሬድ ኮኸን ራሱን በሌሎች ፕሮግራሞች ላይ የሚያባዛ ፕሮግራም በሙከራ አሳየ፤ «ቫይረስ» የሚለውንም ስም መምህሩ ሌናርድ አድልማን አቀረበ። በ1986 በላሆር ከተማ ሁለት ፓኪስታናውያን ወንድማማቾች የሠሩት «ብሬይን» በዲስኬት ከአገር ወደ አገር ተሰራጨ። ሠሪዎቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን ሳይደብቁ በፕሮግራሙ ውስጥ ጽፈውት ነበር።

ፍርሃትና ገንዘብ በጉልህ የተገናኙት ግን በ1989 ነው። ስለ ኤድስ በሽታ መረጃ ይሰጣል የተባለ ዲስኬት በ20,000 ገደማ ቅጂ በፖስታ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላከ። ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ የተከፈተበትን ጊዜ በስውር እየቆጠረ 90 ያህል ሲሞላ የፋይሎቹን ስም በምስጢር ጽሑፍ ለወጠ፤ ባለቤቱም 189 ዶላር በፓናማ ወዳለ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንዲልክ አዘዘ። ባለሙያዎች ቁልፉን ፈትተው መፍትሔውን በነጻ አደሉ። ይሁን እንጂ አስደንግጦ ማስከፈል እንደሚቻል ዓለም አየ።

መስኮቱ እንዴት እንደ ተወለደ

ብቅ ባዩ መስኮት የተወለደው ከወንበዴ እጅ አይደለም። በ1990ዎቹ «ትራይፖድ» በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤታን ዙከርማን እንደ ገለጸው፣ አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውረኛ ይዘት ባለው ገጽ ላይ በመታየቱ ተቆጣ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘውም ማስታወቂያውን ከገጹ ለይቶ በራሱ መስኮት ማውጣት ነበር። ዙከርማን በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል።

መስኮቱ ሕዝቡን ስላሰለቸ ማይክሮሶፍት በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ማሻሻያ ድንገተኛ መስኮቶችን የሚያግድ መሣሪያ አስገባ። አታላዮች ግን አንድ ቁም ነገር ቀድመው ተረድተው ነበር፤ ይኸውም ማስታወቂያ መሆኑ የታወቀ መስኮት ሲናቅ፣ የኮምፒዩተሩን የራሱን መልእክት የመሰለ መስኮት ግን ይታመናል። «ዊንፊክሰር»ና መሰሎቹ የመጡት በዚህ ዘዴ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየው «ምርመራ» አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥዕል ነበር፤ «ተገኙ» የተባሉት ቫይረሶችም ኮምፒዩተሩ ሳይመረመር በፊት የተዘረዘሩ ስሞች ነበሩ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2008 በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኩባንያዎችን ሲከስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸማቾች መታለላቸውን አመለከተ። በ2012 ፍርድ ቤቱ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ።

ወደ እጅ ስልክ መሻገሩ

በ2004 «ካቢር» የተባለው ፕሮግራም በሲምቢያን ስልኮች መካከል በብሉቱዝ ተዛመተ። አይፎን በ2007፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 ለገበያ ከቀረቡ በኋላ አታላዩም ገበያውን ተከትሎ መጣ። በ2010 የቪዲዮ ማጫወቻ መስሎ ከፍተኛ ክፍያ ወዳላቸው ቁጥሮች መልእክት የሚልክ የአንድሮይድ ፕሮግራም ታየ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ከ50 በላይ ጎጂ አፕሊኬሽኖች በራሱ በጉግል ገበያ ውስጥ ተገኝተው ተወገዱ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የሚያዝያ 2014 ታሪክ ነው። «ቫይረስ ሺልድ» የተባለ አፕሊኬሽን በ3.99 ዶላር እየተሸጠ ከ10,000 ጊዜ በላይ ወረደ። ባለሙያዎች ፈትተው ሲመለከቱት፣ ባለቤቱ ሲነካው በጋሻ ሥዕል ላይ ያለውን ምልክት ከመቀየር በስተቀር ምንም ሥራ አልነበረውም። ጉግል የገዢዎቹን ገንዘብ መለሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የፈራ ሰው ከሥዕል ጋሻ ሥር ለመጠለል ከፈለ።

በመጋቢት 2017 አፕል ያስተካከለው ጉድለትም እንዲሁ ነው። በአይፎን የሳፋሪ መቃኛ ላይ አንድ መስኮት እየተደጋገመ ስለሚወጣ መቃኛው የተቆለፈ ይመስል ነበር፤ አታላዮቹም መክፈቻውን በስጦታ ካርድ ይሸጡ ነበር። በእውነቱ ግን የተመሰጠረ ፋይል አልነበረም። የመቃኛውን ታሪክና ዳታ ከስልኩ ማስተካከያ ገብቶ መሰረዝ በቂ ነበር።

የአሠራሩ ምስጢር

መሐንዲሶች ስልኩን የሠሩት እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ አጥር ውስጥ ተለይቶ እንዲሠራ ነው። ስለዚህ በመቃኛ የተከፈተ ገጽ የስልኩን ፋይሎች ገብቶ ሊመረምር አይችልም፤ «ሦስት ቫይረስ አገኘሁ» ቢልም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የስልኩን ዓይነት የሚጠራው መቃኛው ለማንኛውም ገጽ ስለሚናገር ነው፤ ከተማውንም የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻው ነው። እንግዲህ አዋቂ መስሎ የሚታየው ከደጅ በሚሰማው ወሬ ነው።

ስለዚህ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ማናቸውንም ቁልፍ፣ «ዝጋ» የሚለውን ጭምር፣ ሳይነኩ ገጹን ከመቃኛው መዝጋት ይገባል። መልእክቱ ከተደጋገመ፣ በማስተካከያው ውስጥ ማስታወቂያ የመላክ ፈቃድ የተሰጣቸውን ገጾች መርምሮ ፈቃዱን መንሳት፣ በቅርቡ የገባና የማይታወቅ አፕሊኬሽን ቢገኝም ማውጣት ነው። የባንክ ካርድ ቁጥር አስቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንኩ ማስታወቅ ነው።

ዝም የሚለው አደጋ

እውነተኛው ሰላይ ፕሮግራም አይጮህም። በነሐሴ 2016 አሕመድ ማንሱር የተባለ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች የሰብአዊ መብት ተሟጋች አጠራጣሪ መልእክት ሲደርሰው ማስፈንጠሪያውን ሳይነካ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ላከው። ምርመራውም «ፔጋሰስ» የተባለውን የስለላ ፕሮግራም ገለጠ፤ አፕልም ቀዳዳዎቹን ደፈነ። ይኸው ተቋም በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ወደ ሐሰተኛ የቪዲዮ ገጽ መሳባቸውን አመልክቷል። ገጹ ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻ እንዲታደስ ይጠይቅ ነበር፤ «ማደሻው» ግን ኮምፒዩተር የሚሰልል ፕሮግራም ይዞ ነበር። የሐሰት መስኮት ጥበብ ከገንዘብ ዝርፊያ ወደ ስለላ መሻገሩ ከዚህ ይታያል።

በ2019 ዋትስአፕ የስለላ ዒላማ ለሆኑ 1,400 ያህል ተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያ ላከ፤ አፕልም ከ2021 ጀምሮ ለመሰል ዒላማዎች ይልካል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሐሰት ጩኸት የተሰለቸ ሰው ግን ይህንንም ሳያነብ ሊዘጋው ይችላል። የሐሰት መስኮት ትልቁ ጉዳትም ይህ ነው፤ የተዘረፈው ገንዘብ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ በማስጠንቀቂያ ላይ የነበረው እምነት ግን በቀላሉ አይመለስም።

መለያው ቀላል ነው። የአፕል እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ማስፈንጠሪያ እንዲነካ፣ አፕሊኬሽን እንዲጫን ወይም የምስጢር ቃል እንዲሰጥ አይጠይቅም። የሐሰቱ ግን ይህንኑ በሩጫ ይጠይቃል። የሙያው ባለቤቶችም ይህን ልዩነት ለጎረቤታቸው፣ ለወላጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ከሙያ ግዴታቸው አንዱ ነው።