ከጡጦ እስከ ጡረታ

አብሮ አደጌ ከዋሽንግተን ደወለልኝ። «ለልጄ ጡረታ የሚሆን ገንዘብ ‹ትረስት› ውስጥ ልቆልፍላት ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ልጅቱ የተወለደችው በ2025 ነው፤ ገና ጡጦ አልጣለችም! እሱ ግን አልሳቀም። «አባቴ ለኔ ብሎ የሠራው ቤት በ1967 ዓ.ም. ‹ትርፍ ቤት› ተብሎ ተወረሰ። ለሷ ማንም የማይነካው ነገር ልተውላት» አለ።

እንግዲህ ትረስት ማለት በኛ አነጋገር አደራ ነው። ሰጪ አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ተቀባይ አለ። ችግሩ ‹ማንም የማይነካው› የሚባለው ላይ ነው።

ፒተር ቴሉሰን የሚባል የለንደን ከበርቴ እ.ኤ.አ. በ1797 ሲሞት፣ 600 ሺህ ፓውንድ ገደማ የሚሆን ሀብቱን በሕይወት የነበሩት ወንዶች ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እስኪያልቁ ማንም ሳይነካው እየወለደ እንዲቆይ ተናዘዘ። ገንዘቡ አገር ያህላል ተብሎ ተፈራ፤ ፓርላማው በ1800 እንዲህ ያለውን የረጅም ዘመን ክምችት በሕግ ገደበ። የሱ ኑዛዜ ግን አልተሻረም። ክርክሩ በ1859 ሲቋጭ፣ ብዙውን ትርፍ የጠበቃና የአስተዳደር ወጪ በልቶት ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ተካፋዩ ግብር ነው። ሀብታሞች ገቢያቸውን በልጆችና በትረስት ስም እየበተኑ ግብር ስለቀነሱ፣ የ1986ቱ ሕግ በሩን ማጥበብ ጀመረ። ልብ በሉ! በ2025 አንድ ላጤ 37 ከመቶ የሚከፍለው ግብር የሚታሰብበት ገቢው 626,350 ዶላር ሲያልፍ ነበር። ትረስት ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ገቢ ግን ከ15,650 ዶላር በላይ ባለው ላይ ያንኑ ይከፍል ነበር።

«ሮዝ» የሚባለው የጡረታ ሂሳብ ግብሩ ይቀላል፤ ግን ልጅቱ ሠርታ ያገኘችው ገቢ ያስፈልጋል። እሷ ደግሞ ጡጦ ከመጥባት ሌላ ሥራ የላትም። በ2025 የወጣው ሕግ ለሕፃናት ሌላ ሂሳብ ከፍቷል፤ ከ2025 እስከ 2028 ለሚወለዱ አሜሪካውያን መንግሥት 1,000 ዶላር ይጥላል፣ ትርፉም በየዓመቱ አይገበርም፤ ግብሩ ሲወጣ ነው። 18 ዓመት ሲሞላት ግን ቁልፉ እጇ ይገባል።

«ታዲያ አደራውን ለማን ልስጥ?» አለኝ።

«ለራሷ» አልኩት። «ቁልፉን እንዳትጥለው አድርገህ አሳድጋት።»

ዝም አለ። ከወዲያ የልጅቱ ልቅሶ ተሰማኝ።

«ጡጦዋን ፈልጋ ነው፣ ቻው» ብሎ ዘጋው።