ለወይፈኑ ትዕግሥት፣ ለውሻው ዱላ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር እንስሳ ማሠልጠን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው። ነገር ግን አንድ ገበሬ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ዘዴዎችን ይዞ ይኖራል፤ አንዱ ለበሬው፣ ሌላው ለውሻው።

ወይፈን ማቅናት የትዕግሥት ሥራ ነው። ያልተገራው ወይፈን ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል። ነባሩ በሬ ትልሙን ስለሚያውቅ ወይፈኑ ከእሱ ይማራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው ከፊት ይመራል፣ ሌላው እርፉን ይይዛል፣ ወይፈኑም ሳይሰለች ይፈታል። ጅራፍ አለ፤ ነገር ግን ወይፈኑ ላይ ከሚያርፈው ይልቅ በአየር ላይ የሚጮኸው ይበዛል። ገበሬው በሬውን በስሙ ይጠራዋል፣ ያሞግሰዋል፣ ያንጎራጉርለታል። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የደነበረ ወይፈን ሞፈር ይሰብራል፣ ራሱንም ሰውንም ይጎዳል። በሬ የተጎዳበት ገበሬ ደግሞ የዓመት ቀለቡ አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ወደ ውሻው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ቦታ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይለቀቃል። ቡችላ ሳለ ጆሮው ቢቆረጥ ቁጡ ይሆናል የሚል እምነት አለ። ከጠገበ ይተኛል ተብሎ ምግቡ ይቀነሳል። ሲያጠፋም ሳያጠፋም ዱላና ድንጋይ ያገኘዋል። ጎጃም እነ ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ የቅኔ አገር ነው። በዚህ አገር ለዘመናት ከደጅ ደጅ የዞረው የቆሎ ተማሪ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በእጁ ዱላ የማይለየው ያለ ምክንያት አልነበረም። ውሻው እንግዳ ማለት ዱላ እንደሆነ ተማረ፤ ተማሪው ደግሞ ውሻ ማለት ንክሻ እንደሆነ ተማረ። ሁለቱንም ያስተማራቸው ፍርሃት ነው።

በጉልበት ማሠልጠን የድሃ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ የፖሊስ መኮንን ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው የውሻ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ማስገደድን ዋና መሣሪያው አድርጎ ነበር። የእሱ መንገድ በፖሊስና በጦር ውሾች በኩል ለብዙ አሥርተ ዓመታት ዘልቋል። ኋላም «ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ ጌታው የመንጋው አለቃ መሆኑን በኃይል ማሳየት አለበት» የሚል ትምህርት ተጨመረበት። ይህ ሐሳብ የተነሣው በአጥር ውስጥ የተዘጉ፣ የማይዛመዱ ተኩላዎችን በማየት ነበር። ሐሳቡን በ1970 መጽሐፋቸው ካስፋፉት ሰዎች አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ በ1999 ራሳቸው አረሙት። በዱር ያለ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው አሉ።

ሌላው መንገድ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር እንስሳ መልካም ሲሠራ ወዲያው በምልክት ድምፅና በምግብ ቢሸለም በፍጥነት እንደሚማር አሳየ። ይህን በተለይ ግልጽ ያደረጉት ዶልፊኖች ናቸው። ዶልፊን በገመድ አይጎተትም፤ ቢመቱት ዋኝቶ ይሄዳል። በ1960ዎቹ በሃዋይ ዶልፊን ያሠለጠነችው ካረን ፕራየር ከሽልማት ሌላ ብዙም አማራጭ አልነበራትም፤ ዘዴውን ኋላ ለውሻ አሠልጣኞች አስተዋወቀች። በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ በ92 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በቅጣት የሠለጠኑት ውሾች በሽልማት ከሠለጠኑት ይበልጥ የጭንቀት ምልክት እንደሚያሳዩ አገኘ።

የጎጃም ገበሬ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ አለው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ፣ በሰብል ጊዜ ዝንጀሮ ማሳ ሲወርር፣ የለመደ ውሻ ምን ይረባል? መልሱ ያለው በመጠበቅና በመፍራት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ውሻ ለቤቱና ለቤተሰቡ የሚጮኸው በተፈጥሮው ነው፤ ለዚህ ረሃብ አያስፈልገውም። በዱላ ያደገ ውሻ ግን የሚናከሰው ፈርቶ ነው። ፍርሃት ደግሞ ጅብን ከጎረቤት ልጅ አይለይም።

ነገሩ ከውሻው ምቾት አልፎ የሰው ሕይወት የሚሆነው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የመጡ ናቸው። ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የበሽታውን ሰንሰለት የሚበጥሰው ግን የውሾቹ ክትባት ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው።

ክትባቱ በመርፌ ነው፤ ስለዚህ ውሻውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጌታውን እንኳ የማያስጠጋ ውሻ ማን ይይዘዋል? የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀበሌው ድረስ ቢመጣ እንኳ፣ እጅ ማለት ዱላ እንደሆነ የተማረ ውሻ ሳይከተብ ይቀራል። ዘመቻው እዚያ ግቢ በር ላይ ይቆማል።

መፍትሔው ባሕር ማዶ መፈለግ የለበትም፤ ገበሬው በወይፈኑ ላይ የሚያውቀው ነው። ከቡችላነቱ በስም መጥራት፣ በእጅ ማብላት፣ አንገቱንና አፉን መዳበስ ማስለመድ፣ ሲታዘዝ ማሞገስ። ይህ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ለወይፈኑ የሚሰጠውን ትዕግሥት ትንሽ ክፍል ብቻ ነው።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላል የአገራችን ሰው። ያልተያዘና ያልተከተበ ውሻ በሚቀድደው ቀዳዳ ከጅብ የባሰ ይገባል።