በባንክ ሐራጅ የሚሸጥ ቤት ከመግዛት በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በባንክ በመያዣ የተያዘ ንብረትን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ብድር በወቅቱ ሳይከፈል ሲቀር፣ በውል ሥልጣን የተሰጠው ባንክ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ መሸጥና ባለቤትነቱን ለገዢው ማስተላለፍ ይችላል። ይህ ሥርዓት ባልተሟላበት ሽያጭ ላይ ግን ክርክር ሊነሳ ይችላል።

በአሜሪካ ገዢዎች ለዚህ ዓይነቱ ስጋት አንድ ጊዜ አረቦን ከፍለው የባለቤትነት መብት መድን ይገዛሉ። በሀገራችን የተለመደው የቤት መድን ግን ሕንፃውን ከእሳትና ከመሰል አደጋ የሚጠብቅ እንጂ በባለቤትነት ላይ ለሚነሳ ክርክር ዋስትና የሚሆን አይደለም። ስለሆነም የገዢው ዋነኛ ጥበቃ ከጨረታው በፊት የሚያደርገው ማጣራት ነው።

ተጫራቾች የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

1. የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው፦ በካርታው ላይ የሰፈረው የቦታ ስፋት፣ የቤት ቁጥርና የባለይዞታ ስም ከጨረታ ማስታወቂያው ጋር መመሳሰሉ፤ በቦታው ላይ ከካርታው ውጭ የተሠራ ግንባታ አለመኖሩ።

2. ዕዳና እገዳ፦ በይዞታ መዝገብ ላይ ቀድሞ የተመዘገበ ሌላ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ። መያዣዎች ቅድሚያ የሚያገኙት በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ነው።

3. የትዳር ጓደኛ ስምምነት፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ የሚሰጠው ባልና ሚስት ሲስማሙ ነው። ያልተስማማ ወገን ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

4. ያልተከፈለ ሊዝና ግብር፦ የቀረው የሊዝ ክፍያ፣ ውዝፍ ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ በማን እንደሚሸፈን።

5. የቤቱ ነዋሪዎች፦ በቤቱ ውስጥ ባለዕዳው፣ ቤተሰቡ ወይም ተከራይ ይኖር እንደሆነና ባንኩ ቤቱን በምን ሁኔታ እንደሚያስረክብ።

ተጫራቾች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛሉ። አሸናፊው ቀሪውን ክፍያ በማስታወቂያው በተገለጸው ቀን አጠናቅቆ ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ ሊወረስበት ይችላል። ጉድለቱ ከጨረታው በኋላ ቢታወቅም የመክፈያው ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ሲፒኦ ከማሠራት በፊት ሰነዶቹንና ቤቱን በአካል መመልከት፣ ባንኩ የሰጠውን ማስጠንቀቂያና የመያዣ ውሉን እንዲያሳይ መጠየቅ፣ አጠራጣሪ ጉዳይ ሲገኝም የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ማጣራቱ ካልተሟላ ቀጣዩን ጨረታ መጠበቅ ይሻላል።