ርስትና ሥጋት፦ የ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ ዐመፅ በሥነ ልቡና ጥናት ሲመረመር

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዐሥራትን ሽሮ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን የሚደነግግ ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ የሚያመርተው ብዙ፣ ጥቂት የሚያመርተው ጥቂት እንዲከፍል የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ከሁሉም በላይ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች፣ ገበሬው ገማቾችን አላስጠጋም አለ፤ ነገሩም እየከረረ ሄዶ ወደ ጦር መሣሪያ ትግል ተሸጋገረ። በመንግሥት በኩል ሲሰጥ የነበረው ማብራሪያ ገበሬው የሚበጀውን አያውቅም፣ ባላባቶችም አሳስተውታል የሚል ነበር። በሥነ ልቡና ጥናት ዓይን ሲታይ ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠለቀ ነው።

በጎጃም መሬት ከዋናው አባት በአባትም በእናትም ወገን በሚቈጠር ትውልድ የሚያዝ ርስት ነበር። ድንበሩን የሚመሰክረው የሽማግሎች ትዝታ እንጂ የቀያሽ ካርታ አልነበረም። ባለርስት መሆን የእንጀራ ብቻ ሳይሆን የክብርም ጉዳይ ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍሎች ቃላድ ተጥሎ መሬት በተለካ ጊዜ ብዙው ነባር ባለይዞታ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ ይታወቃል። ስለዚህ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ሲወጣም የጎጃም ገበሬ መሬቱ እንዳይለካ ተከላክሏል። «ግምት» የሚለው ቃል በጆሮው የገባው «ልኬት» ሆኖ፣ ልኬትም ርስትን ማጣት ሆኖ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ከሚያገኘው ጥቅም ይልቅ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጉዳት አብልጦ እንደሚከብደው አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከተማሪዎች ለግማሾቹ አንዳንድ ኩባያ ተሰጣቸው፤ ባለኩባያዎቹ ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ሌሎቹ ለመግዛት ካቀረቡት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የአንድ ቀን ንብረት የሆነ ኩባያ ይህን ያህል ከተወደደ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ርስት ምን ያህል እንደሚወደድ መገመት አያዳግትም። የሞጣው ገበሬ በሚዛኑ ላይ ያስቀመጠው በአንድ ወገን የግብር መቃለልን፣ በሌላው ወገን ርስቱን ነበር።

ወሬም የራሱ ሕግ አለው። ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጡት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ወሬ የሚበረታው ጉዳዩ ለሰሚው ከባድ ሲሆንና ማስረጃው ደብዛዛ ሲሆን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ወሬው ይከስማል። በ1960 ዓ.ም. በቢቸናና በሞጣ ሁለቱም ተሟልተው ነበር። በዚህ ላይ ገበሬው በጦር መሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ ስለተማረረ፣ ከገዥው ከደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር የሚመጣውን ቃል ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማው ነበር።

ከዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥጋቱ ከአእምሮ ስሕተት ብቻ የመነጨ ነው ማለት ታሪክን ማዛባት ይሆናል፤ ገበሬው የፈራው በሌላው አገር በእርግጥ የደረሰውን ነውና። የሥነ ልቡና ጥናት የሥጋቱን ክብደት ያስረዳል እንጂ የሥጋቱን ምክንያት አይተካም።

መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም ከአየር ተደበደቡ። ዐመፁ ግን በኃይል ብቻ አልበረደም። በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ግዛቱን ጐብኝተው ውዝፍ ግብር ማሩ፤ አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። በመጨረሻ የርስትን ሥርዓት ያስቀረው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው።

ትምህርትን፣ ጤናን ወይም እርሻን ለማሻሻል ወደ ገጠር የሚወርድ ባለሙያ ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚቀስመው አለ። የሚያመጣውን ጥቅም ብቻ ቢዘረዝር ሰሚው ልቡን አይሰጠውም። «ይህን ስቀበል የማጣው ምንድን ነው?» ለሚለው፣ ጮክ ተብሎ ለማይነገረው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። በቢቸናና በሞጣ ይህ መልስ በጊዜው ባለመሰጠቱ የተከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነበር።