የተረጂዎች መዝገብና የዲጂታል አመራር በሃይማኖታዊ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች

በሃይማኖታዊ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘንድ ስለ ዲጂታል አመራር ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ ማሰባሰብ ላይ ያተኩራል፤ በቴሌብር መዋጮ መቀበል፣ በፌስቡክ ጥሪ ማስተላለፍ፣ የተሠራውን በዩቲዩብ ማሳየት። ይህ ሁሉ ይጠቅማል። አመራሩ በእውነት የሚፈተነው ግን በተረጂዎች መዝገብ ላይ ነው።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም በሚል ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ አቋረጡ። በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ይሠራ የነበረውን የድርጅቶች የጋራ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ጥምረት ይመራ የነበረው የካቶሊክ ተራድኦ አገልግሎት ነበርና ጉዳዩ የሃይማኖታዊ ተራድኦ አመራርንም በቀጥታ ይመለከታል። እርዳታው በ2016 ዓ.ም. ሲቀጥል ከተደረጉት ለውጦች አንዱ የተረጂዎች ዲጂታል ምዝገባ ሆነ። በመካከሉ ባለፉት ወራት ዋጋውን የከፈለው እጁ የሌለበት ረሃብተኛ ነው።

ዲጂታል ምዝገባ ሁለት ጊዜ የተመዘገበን ስም ይለያል፤ እህሉ ከመጋዘን ወጥቶ ለማን እንደደረሰም ያሳያል። ማን እንደተቸገረ ግን አይነግረንም። የትኛዋ አሮጊት ይሉኝታ ይዟት ከቤቷ እንደቀረች፣ የትኛው ተፈናቃይ በዘመድ ጓሮ ተጠግቶ እንደሚኖር የሚያውቁት የአጥቢያው ካህን፣ የመስጊዱ ኢማምና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ይህ እውቀት ለሃይማኖታዊ ድርጅቶች ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ሆኖም ያለ ቁጥጥር ከተተወ ለዝምድናና ለአድልዎ በር ይከፍታል። ስለዚህ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በሕዝብ ፊት ሊነበብ፣ ስልክ የሌላት ሴትም በአካል ቀርባ አቤት የምትልበት ቦታ ሊኖር ይገባል።

የመዝገቡ ጥበቃም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የሳይበር ጥቃት ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የያዘው ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተደፍሯል፤ ብዙዎቹ በግጭትና በስደት ከቤተሰብ የተለያዩ ነበሩ። የሃይማኖት ድርጅት መዝገብ ደግሞ የእምነትን፣ የጤናንና የመፈናቀልን ታሪክ ሊይዝ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን ጥበቃ ለኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ትቶ መቀመጥ አይቻልም።

የየድርጅቱ ቦርድ መዝገቡን ማን እንደሚከፍት፣ መረጃው መቼ እንደሚጠፋ፣ ስሙ የተሰረዘበት ሰው ለማን አቤት እንደሚልና በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ወስኖ ለተረጂዎቹ ያሳውቅ።